ጆሮዬን ለከፈተልኝ ድምፅ፣ አንደበቴን ለፈቱልኝ መምህር

ፍራንክፈርት ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበር ብቻዬን ዳቦ ቤት ሄድኩ። ሻጯ በአንድ ትንፋሽ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ፤ አልገባኝም። በጀርመንኛ "እባክዎ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ" አልኳት። ደገመችልኝ። ዳቦው ይቆረጥ ወይስ እንዳለ ይሁን ነው ነገሩ። ይቆረጥ አልኩ፤ ከፍዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ዳቦውን እንደታቀፍኩ እንባዬ መጣ። ለዚያች አንዲት መልስ ያበቁኝ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አሉ፤ ይህ ጽሑፍ ለእርሳቸው ነው። ከእርሳቸው በፊት ግን የማመሰግነው አንድ ድምፅም አለ።

ጀርመን ወዳለ የትዳር ጓደኛው ለመሄድ የሚያመለክት ሰው፣ ሕጉ ነፃ ካደረጋቸው በቀር፣ የኤ1 ደረጃ (የመጀመሪያው፣ የጀማሪዎች ደረጃ) ጀርመንኛ ማወቁን ማስመስከር አለበት። ሕጉ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከቢሮ የምወጣው መሽቶ ነው። ክፍል ገብቶ መማር አልሆነልኝም። በባቡር ከአያት ሜክሲኮ ስመላለስ የማባክነውን ጊዜ ለመጠቀም ብዬ የጀርመኑ ሬዲዮ ዶይቸ ቬለ ጀርመንኛ ከሚያስተምረው ተቋም ከጎተ ኢንስቲትዩት ጋር ያዘጋጀውን "ዶይች፣ ቫሩም ኒሽት?" የሚባለውን የድምፅ ትምህርት ጀመርኩ። አራት ክፍል አለው፤ በእያንዳንዱ 26 ትምህርት፣ በጠቅላላው 104። ክፍያ የለውም። አንድሪያስ የሚባል የጋዜጠኝነት ተማሪ አኸን ከተማ በአንድ ሆቴል በረኛነት እየሠራ ሲማር፣ ኤክስ የምትባል የማትታይ ፍጡር እየተከተለች ስትነተርከው ታሪኩ ይቀጥላል። ቆሜ፣ ተጨናንቄ፣ የሰው ክርን ጎኔን እየነካኝ ስምንት ወር ሰማሁት።

ያዘጋጁትን ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ጆሮዬን የከፈቱልኝ እነርሱ ናቸው። በመጀመሪያ እንደ አንድ ረጅም ቃል የሚሰማኝ ንግግር ቀስ በቀስ ተለያይቶ ቃል በቃል ይሰማኝ ጀመር። ሃያ አንድን "አንድና ሃያ" ብለው ገልብጠው ሲጠሩት መደናገሬ ቀረ። ሰዓት አቆጣጠሩ ለእኛ ድርብ ፈተና ነው፤ "ሃልፕ አኽት" ሲሉ ቃል በቃል ግማሽ ስምንት ነው፤ በእነርሱ ሰባት ተኩል፣ በእኛ አንድ ሰዓት ተኩል። ይህን ደጋግሞ በመስማት እንጂ በመጽሐፍ አልይዘውም ነበር። መጨረሻ ላይ ዶይቸ ቬለ በዝግታ የሚያነበውን ዜና ከጽሑፉ ጋር እያመሳከርኩ ርእሰ ጉዳዩን መለየት ችዬ ነበር።

በዚህ ተማምኜ ለኤ1 ፈተና ተቀመጥኩ። ለማለፍ ከ100 ነጥብ 60 ያስፈልጋል፤ እኔ 54 አገኘሁ። ማዳመጡን በደንብ ሠርቼዋለሁ። የወደቅኩት በመጻፍና በመናገር ነው። ሠላሳ ቃል ገደማ ያላት አጭር መልእክት ጻፊ ተብዬ እጄ ተሳሰረ። በጀርመንኛ ስም ሁሉ በትልቅ ፊደል እንደሚጀመር ጆሮ ከየት ያውቃል? የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ እኔም ስምንት ወር ሙሉ የጻፍኩት ነገር አልነበረም።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት ወደ ጋሼ የላከችኝ። ጋሼ በደርግ ዘመን ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ከተላኩት አንዱ ናቸው። ቋንቋውን ላይፕሲክ በሚገኘው በሄርደር ኢንስቲትዩት ተምረው፣ ከዚያ ምሕንድስና አጥንተው የተመለሱ ሰው። አሁን ጡረታ ወጥተው ስድስት ኪሎ አካባቢ በቤታቸው ያስተምራሉ።

የመጀመሪያው ቀን አይረሳኝም። ቡና ቀረበ። ጋሼ ስኒያቸውን አንሥተው ዛሬ ምን እንደበላሁ በጀርመንኛ ጠየቁኝ። ጥያቄው ገብቶኛል። ቃላቱንም አውቃቸዋለሁ። አፌ ግን አልከፈት አለ። ከድምፅ ትምህርቱ የለመድኩት ትንሽ ዝምታ ነበር፤ ከዝምታው በኋላ መልሱን ራሱ ይነግረኛል፣ እኔ እደግመዋለሁ። ጋሼ አልነገሩኝም። ቡናቸውን ፉት እያሉ ጠበቁ። እኔ ላብ ላብ አለኝ፤ እርሳቸው ፊታቸው ላይ ችኮላ የሚባል የለም። በስንት ጊዜ "ዳቦ ... ሻይ" አልኩ። "ጎሽ ልጄ፣ አሁን ሙሉ አድርጊው" አሉኝ፤ እንደገና ጠበቁ። ያ ጥበቃ ነው እኔን ያስተማረኝ። ቅጂ ቀድሞኝ ይሄድ ነበር፤ ጋሼ እስክደርስ ቆሙልኝ።

አምስት ቁጥርን ስምንት ወር "ፉንፍ" እያልኩ ኖሬአለሁ፤ የሚያርመኝ አልነበረም። ትክክለኛው ድምፅ በፊደላችን የለም። ጋሼ "'ኢ' በይ" አሉኝ። አልኩ። "ምላስሽን ሳታንቀሳቅሺ ከንፈርሽን እንደምታፏጪ አሞጥሙጪ።" ወጣ! ማተምና መጫን የሚሉት ሁለት ግሦች በዚህች ከንፈር ማሞጥሞጥ ብቻ እንደሚለያዩ ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ ቅጂው ላይ ሁለቱም ለእኔ አንድ ነበሩ።

አማርኛችንንም መሣሪያ አድርገው ይጠቀሙበታል። "ቫይል" (እንደ እኛ "ስለ" ምክንያትን የሚገልጽ) ከሚለው ማያያዣ በኋላ ግሡ ለምን መጨረሻ እንደሚሄድ ግራ ሲገባኝ፣ "በአማርኛ 'ሥራ ስለምሄድ' ስትዪ ግሡ የት ነው?" አሉኝ። መጨረሻ። "እንግዲያው ይህን ከእኛ ቤት ይዘሽው መጥተሻል" ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ። አክብሮትንም እንዲሁ፤ አንቺንና እርስዎን ለይቶ ለሚያድግ ሰው "ዱ" እና "ዚ" አዲስ ነገር አይደሉም።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ለ11 ሳምንት ተማርኩ። በየቀኑ አንዲት የሠላሳ ቃል መልእክት እጽፋለሁ፤ ለአከራይ፣ ለሐኪም፣ ለጎረቤት። በቀይ እርማት ተሞልታ ትመለሳለች፤ በማግስቱ እንደገና እጽፋታለሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ስፈተን 83 አገኘሁ።

የድምፅ ትምህርቱን ተዉት አልልም፤ ጋሼ ራሳቸውም አይሉም። ጆሮው ተከፍቶ የሚመጣ ተማሪ ጊዜ እንደሚቆጥብላቸው ነግረውኛል፤ እኔም በ11 ሳምንት የጨረስኩት በዚያ ምክንያት ይመስለኛል። ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 26 ትምህርቶች ሰምታችሁ ወደ እርሳቸው ብትሄዱ መልካም ነው። ለነርስነት ወይም ለሙያ ሥልጠና ከፍ ያለ ደረጃ የምትፈልጉ ግን ሌላ መደበኛ ትምህርት ቤት ያስፈልጋችኋል፤ እርሳቸው የሚያስተምሩት ከኤ1 ቀጥሎ እስካለው እስከ ኤ2 ብቻ መሆኑን ገና ከመነሻው ይናገራሉ።

ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል። ስልካቸውን ግን በግል ለሚጠይቀኝ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። በአንድ ጊዜ ከሦስት ተማሪ በላይ ስለማይቀበሉ ተራ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። ስትሄዱ ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ሲያነብልዎ፦ አልቸኮልኩም፣ ሙሉ አድርጌ መለስኩላት። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።