ሦስት ተራራ በአንድ ጉዞ፦ ከመገዘዝ እስከ አቡዬ ሜዳ ያደረሰን ማኅበር

ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት የደም ግፊት፣ አስም ወይም የጉልበት ሕመም አለባችሁ ወይ ብሎ የጠየቀን የጉዞ አዘጋጅ ከዚህ ቀደም አላጋጠመኝም። ጥቂት ወጣቶች እዚሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያቋቋሙት ይህ የተራራ ጉዞ ማኅበር ግን ክፍያ የተቀበለው ከእያንዳንዳችን ጋር በስልክ ከተነጋገረ በኋላ ነው። ነርስ ስለሆንኩ ጥያቄዎቹን በጥሞና አዳምጫቸዋለሁ፤ ለወጉ ያህል የተጠየቁ አልነበሩም። ከአዳማ የመጣው ወንድሜ አስም እንዳለበት ሲናገር፣ የሚስበውን መድኃኒት በቅሎ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በደረት ኪሱ እንዲይዝ ነገሩት። በተራራ ላይ በቅሎዋና ባለቤቱ በአንድ ሰዓት መንገድ ሊራራቁ እንደሚችሉ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚመክረው።

ጉዞው የስድስት ቀን ነው። መገዘዝ ይቀድማል፣ ኩንዲ ይከተላል፣ ከዚያ የጓሳ ሜዳ፣ በመጨረሻም የሰሜን ሸዋ ከፍተኛው ቦታ አቡዬ ሜዳ። እኔ ለዚህ ማኅበር ትልቁን ነጥብ የምሰጠው ለዚህ ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ተራራ በአንድ ጉዞ መውጣት የሚፈልግ ቡድን ብዙውን ጊዜ ትልቁን ያስቀድማል፤ ጉልበት ሳይደክም እንጨርሰው በሚል። ለሳንባና ለደም ግን ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ሰውነት በስስ አየር ውስጥ ለመሥራት ቀናት ይፈልጋል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ የሚታደርበት ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ይመከራል። ማኅበሩ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያሳደረን ደብረ ብርሃን ነው፤ ከተማችን 2,840 ሜትር ላይ ነች። ቀን ከ3,500 ሜትር በላይ ወደሆነው መገዘዝ ወጣን፤ ማታ ወርደን ተኛን። በማግስቱ ኩንዲ፣ እንደገና ወደ ታች። እኛ የደጋ ሰዎች ብዙም አልታወቀንም፤ ወንድሜና ባለቤቱ ግን ከ1,700 ሜትር ገደማ የመጡ ናቸው፤ ትርፉ የታየው በእነርሱ ነው።

ስለ ቀጠሮውም መናገር አለብኝ። መጀመሪያ በያዝነው ሳምንት መንገዱ አስተማማኝ አልነበረም። ማኅበሩ ወደየወረዳው ደውሎ አጣራና ጉዞውን ወደ ሌላ ሳምንት አዛወረ፤ በአዲሱ ቀን መምጣት ላልቻሉት ገንዘባቸውን ሳይቀንስ መለሰ። በዚህ ዘመን በአካባቢያችን ጉዞ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ይህን ማድረግ አለበት። “ምንም አይደለም፣ እናልፋለን” የሚል አዘጋጅ ቢገጥማችሁ አብራችሁት አትሂዱ።

መገዘዝ ለመተዋወቂያ የተመረጠ ነው፤ ዳገቱ ረጅም ቢሆንም ለእግር አያስቸግርም። ኩንዲ ግን ሌላ ነው። ከፍታው 3,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ከጫፉ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ምድሩ በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ያያል። ከገደሉ ሥር የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው ገና ያልተመናመነበት። በዚህ አካባቢ የምትኖር፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝና በአንኮበር ስም የተጠራች ትንሽ ወፍ አለች፤ ሳይንስ የመዘገባት ገና እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። መሪያችን ገደሉ አፋፍ ላይ አስቀምጦ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሰኘን፤ እኔ ወፊቱን አላየሁም፣ ከጎኔ የነበረች ባልደረባዬ ግን እንዳየች ትምላለች።

ከቆላው የሚነሳው ጉም ከሰዓት በኋላ ገደሉን ይዞ ይወጣል፤ ሲመጣ ደግሞ አምስት እርምጃ ከፊት ያለ ሰው አይታይም። ስለዚህ ማኅበሩ አንድ የማይታጠፍ ሕግ አለው፦ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ የትም ይደረስ የት፣ ቡድኑ ፊቱን ወደ ታች ያዞራል። ይህን ሕግ በመነሻው ምሽት በወረቀት ሰጥተውናል፤ ሁላችንም ፈርመናል። ከፊርማው በላይ ያረካኝ ግን ደጀኑ ነው። ከመሪው በተጨማሪ ከሁሉም ኋላ የሚሄድ አንድ ወጣት አለ፤ ከእርሱ ኋላ የሚቀር ሰው የለም። መሪው በየአርባ ደቂቃው ይቆማል፣ የሚነሳውም ደጀኑ ደርሶ እጁን ሲያነሳ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላም ወዲያው አይነሳም፤ የኋላዎቹም ትንፋሽ እስኪሰበስቡ ይጠብቃል። ይህን የምጽፈው ብዙ ቡድኖች ሲሳሳቱ ያየሁት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው፦ ፈጣኖቹ ተቀምጠው ያርፋሉ፣ ቀርፋፋዎቹ ሲደርሱ “እንሂድ” ይባላል፣ ዕረፍት በጣም የሚያስፈልገው ሰው አንዲት ደቂቃ ሳያርፍ ይውላል።

በሦስተኛው ቀን በጣርማ በር አድርገን ወደ መንዝ ታጠፍን። ጓሳን ሁሉም የመንዝ ሰው ያውቀዋል፤ ለውጭ ሰው ግን ልንገር። ከ3,200 ሜትር በላይ የተዘረጋ የሣርና የጅባራ ምድር ነው፤ አራት መቶ ዓመት ያህል በማኅበረሰቡ በራሱ ሕግ ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፣ ነገር ግን በሰው ፍላጎት ሳይሆን ሲፈቀድ ብቻ፤ ለዓመታት ተዘግቶ የሚቆይበት ጊዜም አለ። ማኅበሩ ያሳደረን በማኅበረሰቡ ሎጅ ነው፤ በየመንገዱ የመሩን ስካውቶችም የአካባቢው ልጆች ናቸው። ይህ በዕቅዱ ውስጥ በግልጽ መጻፉ ደስ አሰኝቶኛል፤ የተራራው ባለቤት ከተራራው ገቢ ማግኘት አለበት።

ረፋዱ ላይ ስካውቱ ከጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መንጋ መሐል አንድ ቀይ ቀበሮ አሳየን። ዝንጀሮዎቹ ሣር እየነጩ ይበላሉ፣ እርሱ በመካከላቸው ቀስ እያለ ያልፋል፤ አንዳቸውም አልሸሹም። በመንጋው ውስጥ ሲሆን አይጥ ለመያዝ ይበልጥ እንደሚቀናው እዚሁ ጓሳ ላይ የተሠራ ጥናት አረጋግጧል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም ሲባል ሰምቼ ነበር፤ አንዱ ከፊቴ ጆሮውን ወደ መሬት ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ ሳየው ግን እንባዬ መጣ። ስካውቱ ወደ እርሱ እንዳንጠጋ በእጁ ከለከለን፤ ፎቶ ለማንሳት የተጣደፈውንም ሰው በትሕትና ወደ ኋላ መለሰው።

የማኅበሩ ትልቁ ጉድለት የታየው በዚያው ሌሊት ነው። ያከራዩን የመኝታ ከረጢቶች ለጓሳ ብርድ አይበቁም። ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚገኘው። ድንኳን የመረጡት ሰዎች ሲንቀጠቀጡ አደሩ፤ ሎጁ ውስጥ የተኛነውም ካልሲና ጋቢ ደርበን ነው። ዕቅዱ ላይ “ለብርድ የሚሆን የመኝታ ከረጢት ይቀርባል” ተብሎ ስለተጻፈ ይህን በቀላሉ አላልፈውም። ለመሪው ስነግረው አልተከራከረም፤ በማግስቱ ከመሐል ሜዳ የበግ ጠጉር ባና ገዝቶ ለየድንኳኑ አከፋፈለ። መንዝ ባናውን ለዓለም ሁሉ ያሳየ አገር ሆኖ ሳለ፣ ከመጀመሪያው ባና መጫን ነበረበት። እናንተ የራሳችሁን ያዙ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ክፍያው ዝርዝር ነው። የስካውት፣ የሎጅና የጓሳ መግቢያ በዋጋው ውስጥ ተካትቷል፤ የበቅሎ ኪራይ ግን አልተካተተም፣ ይህም የተነገረን ራቤል ከደረስን በኋላ ነው። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። ነገር ግን ከባለ በቅሎው ጋር፣ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ዳገት ሲመላለስ ከኖረ ትልቅ ሰው ጋር፣ በመንገድ ዳር ዋጋ መከራከር አሳፈረኝ። ጋሼ ከሚገባቸው በታች እንዲቀበሉ የገፋፋቸው ሰው ከመካከላችን ነበረ፤ ዋጋው አስቀድሞ ቢወሰን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። በቅሎዋን ከልክ በላይ አለመጫናቸውን ግን አመሰግናለሁ፤ ሸክሙን እጃቸው አንስቶ እየመዘነ ነው የጫኑት።

ምግቡ ጥሩ ነው። ጠዋት ቅንጬ፣ መንገድ ላይ በሶና ቆሎ፣ ማታ ሽሮ ወይም ምስር፤ ረቡዕና ዓርብን ማንም ሳያስታውሳቸው ጠብቀዋል። ውሃ አፍልተው ነው የሚሰጡት።

አቡዬ ሜዳ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከመውጣታችን በፊት በነበረው ሌሊት የወንድሜ ባለቤት ራሷን አመማት፣ ማቅለሽለሽም ጀመራት። ሌሊት በ10 ሰዓት ለጉዞ ስንነሳ መሪው ወደ እኔ መጣ። “ሲስተር፣ እርስዎ ይመርምሯት፤ እኔ ግን ራስ ምታቱ ሳይለቃት ወደ ላይ አልወስዳትም” አለኝ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። የከፍታ ሕመም ምልክት ያለበት ሰው ወደ ላይ መቀጠል የለበትም፤ ከባሰበት መድኃኒቱ መውረድ ነው። እርሷ ግን አለቀሰች፤ ወራት ስትዘጋጅ ቆይታ ነበር። አንድ መሪ ከእርሷ ጋር ቀረ፤ ለዚህ ብለው ተጨማሪ ሰው ይዘው ስለነበር የቀረነው ሰዎች ጉዞ አልተስተጓጎለም። ወደ ታች ወርደው አንድ ገበሬ ቤት ቡና ጠጡ፤ እስከ ቀትር ሕመሙ ለቀቃት። እኛ ጫፉ ላይ የደረስነው 5 ሰዓት ከመሆኑ በፊት ነው፤ ነፋሱ ስለማያስቆም ብዙ አልቆየንም።

እኔ ይህን ማኅበር ለወንድሜም ለባልደረቦቼም መክሬያለሁ፤ ለናንተም እመክራለሁ። ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ የበቅሎ ኪራይ ማን እንደሚከፍልና ከረጢቱ ለምን ያህል ብርድ እንደተሠራ። ስድስት ቀን የማያገኝ ሰው ኩንዲን ለብቻው ማዘዝ ይችላል፤ የአንድ ቀን ጉዞ አድርገው ያዘጋጁታል። ልጅ ይዞ የሚመጣ ደግሞ ጓሳ ላይ ሁለት ሌሊት ይደርና አቡዬ ሜዳን ይተው። ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው፤ ከየካቲት ወዲህ የበልግ ዝናብ ስለሚጀምር የመንዝ መንገድ ይበላሻል።