በማያውቁት አገር ወፍ ማየት፦ አስጎብኚ ይሻላል ወይስ ስልክ?

በመጸው ወራት ወደ ማያውቀው አገር ለወፍ የሚሄድ ጀማሪ ሁሉ የሚጨነቅበት ጉዳይ ነው። ባለሙያ ልቅጠር ወይስ በመተግበሪያ ራሴን ልቻል?

ወጪ፦ አስጎብኚ የቀን ክፍያ አለው፤ መኪና ከተጨመረበት ኪስ ይጎዳል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ጥናት ማዕከል ያዘጋጀው መርሊን የተባለው፣ ወፍን በድምፅና በፎቶ የሚለይ የስልክ መተግበሪያ ግን ነጻ ነው። የአገሩን ወፎች ጥቅል ቀድማችሁ ካወረዳችሁ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ወፉን መለየት፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ጋ ነው። በመጸው ዝማሬ ስለሚቀንስ ስልኩ በአብዛኛው የሚሰማው አጭር ጩኸት ነው። ብዙ ወንዶች ደማቁን የመራቢያ ላባ ጥለዋል። የዘንድሮ ጫጩቶችም ገና ወላጆቻቸውን አልመሰሉም። በባሕር ጠረፍ ጭቃ ላይ የሚለቅሙት ትናንሽ ግራጫ ወፎች ለጀማሪ ሁሉም አንድ ናቸው። አስጎብኚው ግን «ምንቁሩን እዩት፣ ጫፉ ወደ ታች ጎንበስ ብሏል፤ እግሩም ጥቁር ነው፤ ደንሊን ነው» ይላችኋል። ከዚያ በኋላ ወፉን አትረሱትም።

ጊዜ፦ አስጎብኚ ባሕሩ መቼ ሞልቶ ወፎቹን ወደ ዳር እንደሚገፋ ያውቃል። ብቻችሁን ስትሆኑ ደግሞ አንድ ወፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ብትቆሙ የሚያጣድፋችሁ የለም። ይህን ነጻነት በጣም እወደዋለሁ።

አደጋ፦ መጸው በብዙ አገሮች የአደን ወቅት ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ ይህንንና የግል መሬትን ቀድማችሁ አጣሩ።

ያላችሁ አንድ ሁለት ቀን ከሆነ፣ ወይም የባሕር ጠረፍና ረግረግ ካሰባችሁ አስጎብኚ ያዙ። ሰፊ ጊዜ ካላችሁና መናፈሻ ከበቃችሁ ስልክና ባይኖኩላር ይበቃል። አቅም ከፈቀደ የመጀመሪያውን ጠዋት ከአስጎብኚ ጋር፣ ቀሪውን ለብቻ ብታደርጉት ደስ ይለኛል።