የዓመቱ የወፍ ዝርዝር፦ በደብተር ወይስ በኢበርድ?

«ዘንድሮ ስንት ዝርያ አየህ?» የምትለው ጥያቄ ወጣት ወፍ ተመልካቾችን ማፎካከሯ አይቀርም። ዝርዝሩን በደብተር መያዝ ይቻላል፤ ወይም ያዩትን ወፍ በኢንተርኔት በሚመዘግቡበት መድረክ በኢበርድ (eBird)።

ወጪ፦ ደብተርና እርሳስ ርካሽ ናቸው። ኢበርድም ነጻ ነው፤ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ግን ይፈልጋል።

ቅለት፦ በደብተር ቆጠራው የራስ ሥራ ነው፤ አንዱን ዝርያ ሁለቴ መቁጠርም ያጋጥማል። በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኢበርድ የዓመቱንም የዕድሜ ልኩንም ድምር ራሱ ያወጣል።

ለማወዳደር፦ እዚህ ላይ ኢበርድ ይበልጣል። ተመራማሪዎች አንዱን ዝርያ ለሁለት ሲከፍሉ ወይም ሁለቱን ሲያዋህዱ፣ የሁሉም ዝርዝር በአንድ ምደባ ይስተካከላል። ሁለት ደብተሮች ግን የተለያዩ መጻሕፍትን ተከትለው ከተሞሉ የአንዱ 90 ዝርያ፣ የሌላው 92 መሆኑ ምንም ላይነግረን ይችላል።

ስጋት፦ ደብተር ይረጥባል፣ ይጠፋል። የኢበርድ አደጋ የደረጃ ሰንጠረዡ ነው፤ በቅጡ ያላዩትን ወፍ «አይቻለሁ» ለማለት ይገፋፋል። ያልተለመደ ዝርያ ካስመዘገባችሁ ገምጋሚዎች ማስረጃ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ያኔ የሚያድነው ፎቶ ወይም በቦታው የተጻፈ ማስታወሻ ነው።

ገና ወፍ መለየት ለሚማር ደብተር ይሻላል፤ ምንቃሩን ለመሳል የሞከረ ሰው ምንቃሩን አይረሳም (ሥዕሉ ቢያስቅም)። ሩቅ ካለ ጓደኛ ጋር ለሚፎካከር፣ መረጃው ለሳይንስ እንዲውል ለሚፈልግም ኢበርድ። እኔ መስክ ላይ በደብተር እጽፋለሁ፣ ማታ ወደ ስልኩ አስገባለሁ።