ዱባይ ወይስ ሻንጋይ? የኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት መምህር ውል

ከሁለቱም ከተሞች የቅጥር ውል ለደረሰው መምህር የመጀመሪያ ምክሬ፣ ጠቅላላውን ቁጥር ትቶ «መሠረታዊ ደመወዝ» የሚለውን መስመር እንዲፈልግ ነው።

ዱባይ ላይ ከደመወዝ የገቢ ግብር አይቆረጥም። ሥራ ሲለቁ የሚሰጥ የአገልግሎት ክፍያም አለ፤ አንድ ዓመት ለሞላው ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰባል። ችግሩ፣ ስሌቱ በመሠረታዊው ደመወዝ ብቻ መሆኑ ነው። በወር 15,000 ድርሃም ተከፋይ ሆኖ መሠረታዊው 6,000፣ ቀሪው የቤትና የትራንስፖርት አበል ከተባለ፣ የአንድ ዓመት ድርሻው 4,200 ድርሃም ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ሊሰናበት ሲል መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሻንጋይ ላይ የገቢ ግብሩ ከ3 እስከ 45 በመቶ ይደርሳል። ለውጭ ዜጎች ግን ተገቢ የሆነ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት አበል እስከ 2027 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከግብር ነፃ ማድረግ ይቻላል። እንግሊዝኛ ለማስተማር በአብዛኛው የሚፈለገው ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ አገር ዜጋ ነው፤ ስለዚህ የሒሳብና የሳይንስ መምህራኖቻችን የተሻለ ዕድል አላቸው።

እኔ ዱባይን የምመርጠው መሠረታዊው ከግማሽ በላይ ሆኖ፣ የልጆች ነፃ ትምህርትም በውሉ በጽሑፍ ከሰፈረ ብቻ ነው።