የእናቴን ቁስል ላጠቡት የአለርት የቆዳ ክፍል ነርሶች

ይህ ምስጋና አዲስ አበባ ዘነበወርቅ በሚገኘው አለርት ሆስፒታል፣ የቆዳ ሕሙማን ተኝተው በሚታከሙበት ክፍል ለምትሠራ አንዲት ነርስ ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። «ብቻዬን የሠራሁት ነገር የለም፣ ካመሰገንሽ ክፍሉን አመስግኚ» ነው ያለችኝ። ስለዚህ ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ። እዚያ ክፍል የተኛ ሰው ማንን እንደማመሰግን ያውቃል።

የእናቴ ሕመም ፔምፊገስ ቩልጋሪስ ይባላል። የጀመረው ከአፏ ነው። ድዷና ጉንጯ ውስጡ ቆስሎ አልድን አለ። ምች ነው ተባለና ዳማከሴ ተጨመቀላት። አንድ ክሊኒክ የፈንገስ መድኃኒት ሰጣት፣ ሌላው ከጥርሷ ነው አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት ካለፉ በኋላ ደረቷና ጀርባዋ ላይ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች መውጣት ጀመሩ። ጎረቤት አልማዝ ባለጭራ ነው አለ። አልማዝ ባለጭራ ግን በቫይረስ የሚመጣ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ መስመር ይዞ ነው የሚወጣው። የእማዬ በሁለቱም ወገን ነበር፤ የቋጠረው ሲፈነዳም ቆዳው ተልጦ እርጥብ ቁስል ይቀራል። አለርት ስትደርስ ሐኪሟ ጤነኛ የሚመስለውን ቆዳዋን በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ሸርተት ብሎ ተላጠ። ከዚያ ባዮፕሲ፣ ማለትም ለምርመራ የሚሆን ትንሽ የቆዳ ናሙና፣ ተወሰደና ስሙ ታወቀ።

በሽታው ምን እንደሆነ በደንብ የገባን ሲስተር ካስረዳችን በኋላ ነው። የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ሥራው ከውጭ የገባን ተህዋስ ለይቶ ማጥቃት ነው። በዚህ በሽታ ግን የራሱን አካል እንደ ባዕድ ይቆጥራል። የቆዳ ሴሎችን እርስ በርስ የሚያያይዙ ዴስሞግሊን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ሰውነቱ በእነሱ ላይ ፀረ እንግዳ አካል፣ ተህዋስን ሊያጠቃበት የሚገባውን መሣሪያ፣ ያመርታል። «እማማ፣ የድንጋይ ቤት ያውቃሉ አይደል? ድንጋዩ ደህና ነው፣ የሚለቅቀው በመሃል ያለው ጭቃ ነው» አለቻት። እናቴ ገጠር ያደገች ናትና ወዲያው ገባት። ከአፍ የሚጀምርበትም ምክንያት አለው። ዴስሞግሊን 3 የሚባለው በብዛት ያለው በአፍ ውስጥ ሽፋንና በቆዳው የታችኛው ክፍል ነው፤ ጥቃቱ በእሱ ሲጀምር መጀመሪያ የሚቆስለው አፍ ነው። ዴስሞግሊን 1 ሲጨመርበት ደግሞ ገላ ላይ ይወጣል።

ከሁሉም በላይ ለእናቴ ያስፈለጋት አንድ ነገር ነበር፦ አይተላለፍም። በመንካት አይተላለፍም፣ በአንሶላም፣ በብርጭቆም። ከንጽሕና ጉድለት የመጣ አይደለም፣ የማንም እርግማን አይደለም። ይህን ሲስተር በቃል ብቻ አይደለም የነገረችን። እናቴን ስትጨብጣት፣ ትከሻዋን ደግፋ ስታስነሣት፣ ሊጠይቅ መጥቶ በር ላይ የቆመውን ዘመድ «ግቡ፣ ሳሟት፣ ብቻ ቁስሉን አትጫኑት» ስትል አይቻለሁ። እናቴ ለወራት የሰው እጅ ሲሸሻት የኖረች ሴት ናት። የልጅ ልጆቿን እንኳ ራሷ «ራቅ በሉ» ትል ነበር። አለርት ተኛች ስንልም «የሥጋ ደዌ ነው እንዴ?» ብለው የጠየቁን ብዙ ናቸው። ሆስፒታሉ ሥሩ እዚያ ነው፤ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በተሠራ ቦታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመ ማዕከል ነው። ዛሬ ግን ማንኛውም የቆዳ በሽታ የሚታይበት ትልቅ ሆስፒታል ነው። የሥጋ ደዌም ቢሆን በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነውና ማንም የሚሸማቀቅበት ምክንያት የለም።

ስለ ቁስል አጠባዋ ባልናገር ይቆጨኛል። የማስታገሻው መድኃኒት እስኪሠራ ትጠብቃለች እንጂ አትቸኩልም። የደረቀውን ጎዝ በሳላይን (በጨው ውሃ) አርሳ፣ እስኪለቅቅ ታግሣ ነው የምታነሣው። በቫዝሊን የተነከረ ጎዝ ታለብስና በፋሻ ትጠቀልለዋለች። ፕላስተር የእማዬን ቆዳ ነክቶ አያውቅም፤ ሲላቀቅ ደህናውን ቆዳ ይዞት ይመጣልና። ከቤት ለስላሳ የጥጥ አንሶላ እንድናመጣ ነገረችን። ለምግቡም አሰበችበት፦ በርበሬና ሚጥሚጣ ይቅር፣ ትኩስ ነገር ይቅር፣ አጥሚቱ በረድ ይበል፣ እንጀራውም የኮመጠጠ አይሁን። እማዬ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳታለቅስ የበላችው ያኔ ነው።

መድኃኒቱ ፕሬድኒሶሎን ነው፤ በኋላ አዛታዮፕሪን ተጨመረላት። ሁለቱም ያን መንገድ የሳተውን ተከላካይ ሥርዓት የሚያረጋጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለው ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ለዚህ በሽታ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት አብዛኛው ታማሚ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞት ነበር። በሌላ አገር አሁን ሪቱክሲማብ የሚባል፣ ፀረ እንግዳ አካሉን የሚያመርቱትን ሴሎች ምንጭ የሚመታ መድኃኒትም አለ፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ለፔምፊገስ ፈቅዳዋለች። ፕሬድኒሶሎን ግን የራሱ ጣጣ አለው። ስኳርና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የተኛ ቲቢ ይቀሰቅሳል። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል ያለበት ሰው ሳይመረመር ቢጀምረው ትሉ ሰውነቱ ውስጥ ተሠራጭቶ ሊገድለው ይችላል። እማዬ የሳንባ ራጅ የተነሣችውና የሰገራ ምርመራ ያደረገችው ለዚህ ነው፤ ሲስተር ውጤቱ ተረስቶ እንዳይቀር ራሷ ላቦራቶሪ ድረስ ትመላለስ ነበር።

ከሁሉ አጥብቃ የነገረችን አንድ ነገር አለ፣ እባካችሁ ይህን ለምታውቁት ታማሚ ሁሉ ንገሩ፦ ፕሬድኒሶሎንን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ተሽሎኛል ብሎ በአንዴ አያቆምም። ሰውነት ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚቀንስ ድንገት ሲቋረጥ ራስን እስከ መሳት፣ እስከ ሞትም ሊያደርስ ይችላል። በሽታውም ተመልሶ ይመጣል። የሚቀነሰው ሐኪም እያዘዘ ቀስ በቀስ ነው።

የጾሙ ነገር እናቴን በጣም አስጨንቋት ነበር። መድኃኒቱ ጠዋት ከምግብ ጋር ይወሰዳል፣ እሷ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት ናት። ሲስተር አልተቆጣቻትም፣ አላቃለለችባትም። «እማማ፣ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፣ እኔም ከፈለጉ አስረዳቸዋለሁ» አለቻት። እውነትም በስልክ አስረዳቻቸው፣ አባም ፈቀዱላት። ጸበሉንም «ይጠጡ፣ ይባረኩ፣ ግን ኪኒኑን አይተዉ፣ ቁስሉንም አያሹት» ብላ ነው ያስማማቻት። እምነቷን ሳትነካ ሕክምናዋን አስቀጠለቻት። ይህ በየትም የማይገኝ ጥበብ ነው።

በዚያ ግቢ ተራ ስንጠብቅ ያየኋቸው ሰዎች ዛሬም ከሐሳቤ አይወጡም። ለምጽ ያለባት ወጣት ፊቷን በነጠላ ሸፍና ትቀመጥ ነበር፤ የእሷ ተከላካይ ሥርዓት የሚያጠቃው ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሴሎች ነው። ሶራያሲስ ያለበት ጎልማሳ ነበር፤ የእሱ ደግሞ ቆዳው ከልክ በላይ ቶሎ ቶሎ እንዲያድግ ያደርገዋል፣ ስለዚህ እየወፈረ ይቀረፋል። ሉፐስ ያለባቸው ነበሩ፣ ፀሐይ ሲነካቸው ፊታቸው የሚቀላ፣ መገጣጠሚያቸውንና ኩላሊታቸውንም የሚነካባቸው። ከእነዚህ በሽታዎች አንዱም ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ታማሚዎቹ ሁሉ ግን በመንደራቸው «ይተላለፋል» ሲባል ሰምተው ነው የመጡት።

አሁን የእማዬ ገላ ደርቋል። ጠባሳው ጠቆር ብሎ ቀርቷል፣ እየቀለለ እንደሚሄድ ነግረዋታል። መድኃኒቱ በትንሽ መጠን ይቀጥላል፣ ደሟም በየጊዜው ይታያል።

አፉ ቆስሎ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነለት፣ ወይም ገላው ላይ ሰፊ ውሃ የቋጠረ ነገር የወጣበት ሰው ካለ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ቅባት እየቀያየረ አይቆይ። በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ወደ አለርት መሄድ ትችላላችሁ። ወሎ ላላችሁ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ከዚህ በፊት የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶ ካርቶኑንም ቢሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ። የባህል መድኃኒት ከነበረም ደብቃችሁ አትቅሩ፣ እዚያ ማንም አይስቅባችሁም።

ሲስተር፣ አንቺንም፣ አብረውሽ የሌሊት ተራ የሚገቡትንም፣ አንሶላ የሚቀይሩትንም እናቶች እግዚአብሔር ዋጋችሁን ይክፈላችሁ። እማዬ «ያቺን ልጄን፣ እጇ ይባረክ በይልኝ» ብላኛለች። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ስትመጣ ራሷ ትመርቅሻለች።