የመጀመሪያ ቤትዎን ለማጠናቀቅ፦ በራስ እጅ፣ በእጅ ዋጋ ወይስ በጥቅል ውል?

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት፣ ወይም ዕጣ ከደረሰው ሰው ገዝቶ፣ ቁልፍ የተረከበ ሰው በሩን ሲከፍት የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ገና ያላለቀ ቤት ነው። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ግድግዳው ከልስን አላለፈም፤ መታጠቢያ ቤቱ የቧንቧ ጫፍ ወጥቶለት ዕቃ ይጠብቃል። ቁጠባው በቅድመ ክፍያ አልቆ፣ የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ ተጀምሮ፣ የኪራይ ቤቱም ገና እየተከፈለ ባለበት በዚያ ወቅት «ራሴ ብሠራው ምን ያህል ይቀርልኛል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ለቤቱ በሙሉ የሚሆን አንድ መልስ የለም፤ መልሱ ከሥራ ሥራ ይለያያል።

ብዙ ሰው የሚመርጠው ሥራው ከባድ ወይም ቀላል መስሎ በመታየቱ ነው። እኔ ግን ሁለት ክፍል መኝታ ያለው ቤቴን አጠናቅቄ ከገባሁ በኋላ የምመክረው ሌላ መለኪያ ነው፦ ሥራው ቢበላሽ ለማረም ምን መፍረስ አለበት? ቀለም ቢበላሽ በላዩ ሌላ ቀለም ይቀባል። ከሴራሚክ ሥር የተቀበረ ቧንቧ ቢያፈስ ግን ሴራሚኩም፣ ሞርታሩም፣ አንዳንዴም የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ በዓይን የሚታየውንና ያለ ጥፋት ሊደገም የሚችለውን ሥራ ለራስ እጅ ማስቀረት፣ የሚቀበረውን ሥራ ለባለሙያ ሰጥቶ አጠገቡ መቆም ይሻላል።

ሦስቱ መንገዶች

በራስ እጅ መሥራት ማለት ዕቃውን ብቻ ገዝቶ የሠራተኛውን ክፍያ ማስቀረት ነው። ጥቅሙ ግልጽ ይመስላል፤ ሆኖም ሁለት ቀለም ቀቢዎች በጥቂት ቀናት የሚጨርሱትን ቤት፣ ደመወዝተኛ ሰው በቅዳሜና እሑድ ብቻ ሲሠራው ሳምንታት ይወስድበታል። በእነዚያ ሳምንታት የሚከፈለው የቤት ኪራይ የሥራው ወጪ አካል ስለሆነ፣ ተረፈ የሚባለው ገንዘብ ከዚህ ኪራይ ጋር ሳይነጻጸር መቆጠር የለበትም። ኪራይ የማይከፍል፣ ለምሳሌ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ሰው፣ በዚህ መንገድ ከሁሉም በላይ ይጠቀማል።

በእጅ ዋጋ ማሠራት ባለቤቱ ዕቃውን ገዝቶ ያቀርባል፣ ባለሙያው ደግሞ በቀን ወይም በካሬ ይከፈለዋል ማለት ነው። የዕቃው ጥራት በእርስዎ እጅ ይሆናል፤ በአንጻሩ ወደ መርካቶና ወደ ተክለ ሃይማኖት የሚመላለሱት እርስዎ ነዎት፣ አንድ ስካቶላ (የሽቦ መገጣጠሚያ ሣጥን) ወይም አንድ ክርን (የቧንቧ መታጠፊያ) ቢጎድል ሠራተኛው ቁጭ ብሎ ቀኑ ያልፋል። የአከፋፈሉ ዓይነትም የራሱ ጠባይ አለው፦ በቀን የሚከፈለው የመዘግየት፣ በካሬ የሚከፈለው የመቻኮል ዝንባሌ ይኖረዋል። ሴራሚክ በካሬ፣ የተበላሸ ነገር ጥገና በቀን ቢከፈል ይሻላል እላለሁ፤ የጥገናን ልክ አስቀድሞ በካሬ መገመት አይቻልምና።

ጥቅል ውል ዕቃውንም ሥራውንም ለአንድ ተቋራጭ በአንድ ዋጋ መስጠት ነው። ሥራ ለሚበዛበት ሰው፣ በተለይም በአሜሪካ ወይም በዓረብ አገር ሆኖ ቤቱን በውክልና ለሚያሠራ ሰው፣ ምቹ መንገድ ነው። አደጋው በዕቃው ላይ ነው፤ ውሉ «ጥሩ ሴራሚክ» ወይም «አንደኛ ደረጃ ቀለም» ብሎ ካለፈ፣ የዕቃ ዋጋ ሲጨምር መጀመሪያ የሚወርደው ጥራቱ ይሆናል። ስለዚህ የሽቦው ውፍረት፣ የቧንቧው ዓይነት፣ የሴራሚኩ መጠንና የቀለሙ ስም በውሉ ላይ በጽሑፍ ይሥፈሩ፤ ቀብዱ ሥራ ለማስጀመር የሚበቃ ብቻ ይሁን፤ የመጨረሻው ክፍያ ደግሞ ውኃና መብራት ተፈትሾ እስኪረጋገጥ ይቆይ። በውጭ የሚኖር ሰው ውክልናውን ለዘመድ ቢሰጥም፣ ክፍያ ከመለቀቁ በፊት ሥራውን የሚያይ ከተቋራጩ ጋር የማይገናኝ ባለሙያ ለጥቂት ጊዜ ቢቀጥር፣ ዘመዱንም ከማያውቀው ሥራ ኃላፊነት ያድነዋል።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ግድግዳ ማፍረስ ከምርጫው ውጭ ነው። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የገዙት የራስዎን ክፍል ነው፤ የሕንፃው የጋራ ክፍሎች የሁሉም ባለቤቶች ናቸው። ሳሎን ለማስፋት የሚታሰበው ግድግዳ በውስጡ ምሰሶ ወይም የፍሳሽ መውረጃ ሊኖረው ስለሚችል፣ የሕንፃ ማኅበሩና መሐንዲስ ሳያዩት መዶሻ አይነሣበት።

የሚቀበረው ሥራ፦ ውኃና መብራት

የእኔን ስሕተት ልንገራችሁ። የመታጠቢያ ቤቴን ቧንቧ በእጅ ዋጋ የዘረጋልኝ ባለሙያ መስመሩን የፈተሸው ውኃ በሌለበት ቀን፣ በጀሪካን በተቀዳ ውኃ ነበር። ምንም አላፈሰሰም፤ በማግስቱ ሴራሚክ ተነጠፈበት። ከአሥር ቀን በኋላ የፈረቃችን ውኃ ሌሊት በሙሉ ኃይሉ መጣ፤ ጠዋት አንዲት እናት ከታችኛው ፎቅ በራችንን አንኳኩተው «ልጄ፣ ጣሪያዬን ና እይልኝ» አሉኝ። በጣሪያቸው ላይ የሰሃን ስፋት ያለው ቡናማ ርጥበት ነበር። ስድስት ሴራሚክ ፈርሶ ሲታይ በአንድ ክርን መገጣጠሚያ ላይ ቧንቧው በሚገባ ሳይቀልጥ ተጋጥሟል። ስድስቱን ለመተካት ወደ ሱቁ ስመለስ ደግሞ ያው ሞዴል ቢኖርም የምርት ቁጥሩ ሌላ ስለነበር ቀለሙ ትንሽ ጠቆር ብሏል፤ ልዩነቱ ዛሬም ይታያል።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ይህ ነው። ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ በማቅለጫ ማሽን 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ተሞቆ የሚጋጠም ስለሆነ፣ ባለ 20 ሚሊሜትሩ 5 ሰከንድ ያህል ሙቀት ይበቃዋል፤ ከዚያ ካነሰ በሚገባ አይያያዝም፣ ከበዛ ውስጡ ቀልጦ ይጠባል። የብረት ቧንቧ በጥርስ ይታሰራል፤ ያረጀ ቤት ለገዛ ሰው ከውስጥ መዛጉ ዋናው ችግሩ ነው፤ ስለዚህ ወለሉ ለማንኛውም የሚፈርስ ከሆነ በፒፒአር መለወጡ ይሻላል። ሁለቱም ቢሆኑ ከመቀበራቸው በፊት በእጅ ፓምፕ ከመደበኛው ግፊት 1.5 እጥፍ ያህል ተሞልተው መጠበቅ አለባቸው። ፓምፑን ይዞ የማይመጣ ባለሙያ ከሆነ የፈረቃው ቀን መጥቶ እስኪያልፍ ሴራሚኩ ይቆይ። የመታጠቢያ ቤቱ ወለልም ውኃ እንዳያሳልፍ ከተቀባ በኋላ መውረጃው ተደፍኖ ለ24 ሰዓት ውኃ ይቁምበት፤ በዚያ ቀን ከታች ያለውን ጎረቤት አስፈቅዶ ጣሪያውን ማየት ነውር የለውም።

መብራቱን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ቤት ዋናው ፈተና ምጣዱ ነው። የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። በላዩ 5,500 ዋት የሚወስድ የሻወር ማሞቂያ ቢጨመር ሌላ 25 አምፔር ይመጣል። ስለዚህ ለአምፖል 1.5፣ ለተራ ሶኬት 2.5 ሚሊሜትር ስኩዌር የመዳብ ሽቦ ሲበቃ፣ ለምጣድና ለማሞቂያ ለየብቻቸው 4 ወይም 6 ሚሊሜትር ስኩዌር መስመር ይዘርጋላቸው። ብሬከር እየወደቀ ሲያስቸግር በትልቅ ብሬከር መተካት የተለመደ ነው፤ ይህ ግን አደገኛ ነው፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ፣ ሽቦው ሳይለወጥ ብሬከሩ ካደገ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል። የሻወር ማሞቂያ በሚገጠምበት ቤት የኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ) መስመርና ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊአምፔር የሚያቋርጥ መከላከያ ብሬከር እንዳይቀር። ይህን ሁሉ ለባለሙያ ይስጡ፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው ልስኑ ሳይዘጋው በፊት የእያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ ሜትር ዘርግቶ ማንሣት ነው። ከዓመት በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል ትራፓኖ ሲያነሡ ያ ፎቶ ሽቦና ቧንቧ ከመብሳት ያድናል።

ወለል፦ ሴራሚክ ወይስ ፒቪሲ

ሴራሚክ ለረጅም ዘመን ይቆያል፣ በቀላሉ ይጸዳል፣ እሳት አይጎዳውም። በክረምት ግን ይቀዘቅዛል፤ ክብደትም አለው፤ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ሞርታር ብቻውን በካሬ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናልና፣ ወለሉ ሰያፍ ሆኖ በሞርታር የሚስተካከል ከሆነ ውፍረቱ እንዳይበዛ ይከታተሉ። ባለ 60 በ60 ሴራሚክ አንዱ 0.36 ካሬ ይሸፍናል፤ አራት የሚይዝ ካርቶን 1.44 ካሬ ማለት ነው። 12 ካሬ ለሆነ ክፍል ለስብርባሪ 10 በመቶ ሲጨመር 13.2 ካሬ ስለሚሆን አሥር ካርቶን ይገዛል። ሁሉም አንድ የምርት ቁጥር ያላቸው መሆኑን ከሱቁ ሳይወጡ ይመልከቱ፤ ከተረፈውም ጥቂቱን አልጋ ሥር ያስቀምጡ። ለመታጠቢያ ቤት አንጸባራቂውን ትተው ሸካራውን ይምረጡ።

ፒቪሲ የሚባለው የፕላስቲክ ንጣፍ ቀጭን፣ ቀላልና ሞቅ ያለ ነው፤ በሜትርና በመቁረጫ ምላጭ ማንም ትዕግሥተኛ ሰው ሊያነጥፈው ስለሚችል ለራስ እጅ የሚስማማው እሱ ነው። ሁለት ሁኔታዎችን ግን ይጠይቃል። ሊሾው ደረቅና ልሙጥ መሆን አለበት፤ ርጥበት ካለው ማስቲሹ (ማጣበቂያው) ይለቃል፣ ጠጠር ከቀረም ከላይ ጎልቶ ይታያል። ሌላው ቡና ነው። በሳሎኑ ከሰል አያይዞ ቡና የሚፈላበት ቤት አንድ ፍም ቢወድቅበት ፒቪሲው ይቀልጣል፤ በዘመዴ ቤት ከሶፋው አጠገብ የጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ምልክት እስከ ዛሬ አለች። ስለዚህ ለመኝታ ቤቶች ፒቪሲ፣ ለሳሎን፣ ለማድ ቤትና ለመታጠቢያ ሴራሚክ ብሎ መከፋፈል በገንዘብም በአኗኗርም ይስማማል።

ግድግዳ፦ ለራስ እጅ የሚሆነው

የሚቆጥቡት እዚህ ነው። ጅብሰም መቀባት ልምድ ይጠይቃልና ለባለሙያ ይተው፤ ብርጭቆ ወረቀት መፈተግና ቀለም መቀባት ግን የእርስዎ ይሁን። አዲስ የሲሚንቶ ልስን አራት ሳምንት ያህል ሳይደርቅ ቀለም ከተቀባበት ይላጣል፤ ችኮላ ብዙ አዲስ ቤቶችን ያበላሸው በዚህ ነው። ፕላስቲክ ቀለም በውኃ ይቀጥናል፣ በሰዓታት ይደርቃል፣ ሽታው አይከብድም፤ ዘይት ቀለም በቲነር የሚቀጥን፣ ቀስ ብሎ የሚደርቅ፣ ግን በጨርቅ ታጥቦ የሚጸዳ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት የግድግዳውን የታች ግማሽ በዘይት ቀለም መቀባት ልማድ ነው፤ ግድግዳው ርጥበት ካለው ግን ዘይት ቀለሙ ስለሚያፍነው ያብጣል። የድሮ ቤት ለገዙ ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ በኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው የሊድ (መርዛማው የእርሳስ ብረት) መጠን በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የተገደበው እ.ኤ.አ. በ2018 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተቀባን ዘይት ቀለም በደረቁ አይፈትጉ፤ አርጥበው ይሥሩ፣ ሕፃናትንም ከቤት ያውጡ።

መጠኑን ለማስላት 3 በ4 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.7 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ዙሪያው 14 ሜትር ነው፤ በቁመቱ ሲባዛ 37.8 ካሬ፣ በርና መስኮት ሲቀነስ 34 ገደማ ይሆናል። አንድ ሊትር በአንድ ቅብ 10 ካሬ ያህል ይሸፍናልና ለሁለት ቅብ 7 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ባለ 4 ሊትር ጋሎን ያስፈልጋል። ከዚህ በላይ እንዲገዙ የሚመክርዎት ሰው ካለ ስሌቱን ያሳዩት።

ለማድ ቤት ቁም ሣጥን ኤምዲኤፍም ሆነ ችፑድ ቢመርጡ፣ ውኃ ሲነካቸው ያብጣሉ፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የጠርዙ አሸፋፈን ነው። ከሲንኩ ሥር ያለው ክፍል ጠርዙ ሁሉ ተሸፍኖ፣ ከወለል በእግር ከፍ ብሎ ይሠራ።

መሣሪያን በተመለከተ ሮለር፣ ብሩሽ፣ ስፓቱላ፣ ውኃ ልክና ቴስተር ይግዙ፤ ትራፓኖና ሴራሚክ መቁረጫ ግን ለጥቂት ቀን ብቻ ስለሚፈለጉ ይዋሱ ወይም ይከራዩ። ትራፓኖውን ሲይዙ ግድግዳዎ ባዶ ብሎኬት መሆኑን ያስታውሱ፤ ተራ ፊሸር (ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ) በውስጡ ይሽከረከራል። 50 ሊትር የሚይዝ የውኃ ማሞቂያ ሲሞላ ከነአካሉ ወደ 70 ኪሎ ስለሚደርስ፣ የሚሰቀለው ኮንክሪት ባለበት ቦታ ወይም ግድግዳውን አልፎ ከጀርባ በሚታሰር ቡሎን ነው፤ ያም ቦታ መመረጥ ያለበት ቧንቧው ሳይዘረጋ፣ ሴራሚኩም ሳይለጠፍ በፊት ነው።