ጅማ ላይ የዱቄት ቡና

መጀመሪያ ሆዴ ውስጥ ያለውን ላውጣ። ባለፈው ቅዳሜ ጅማ ከተማ መሐል ተቀምጬ ቡና አዘዝኩ። የመጣልኝ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ በሙቅ ውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ቡና ነው። አፉ ላይ መምጠጫ ተሰክቶበታል። ዋጋው 140 ብር።

ጅማ ላይ! እኔ ጎማ ወረዳ፣ አባቴ ቡና ሲለቅም እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ጮጬ ከቀበሌያችን ሩቅ አይደለም። ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚያ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ከረጢቱን እጄ ላይ ይዤ ለትንሽ ጊዜ ዝም አልኩ።

የካፌውን ስም አልጽፍም። የከፈቱት ወጣቶች ናቸው፣ ገና ጀማሪዎች ናቸው። እንጀራቸውን መዝጋት አልፈልግም። ግን ዝም ብዬም አላልፍም።

የሄድኩት በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። 11 ዓመቱ ነው፤ ወሬው ሁሉ ጠፈር ነው። «ጠፈር ያለበት ቤት ተከፍቷል» እያለ አንድ ወር ሙሉ ጨቀጨቀኝ። እውነቱን ነው። በሩን አልፋችሁ ስትገቡ የግራው ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሥዕል ነው። ሰማይ ላይ የተንሳፈፈች ከተማ። ክብ ናት፣ እንደ ጋሪ ጎማ። ስሟ «የላይኛዋ ሄርማታ»፤ በድሮው የጅማ ገበያ በሄርማታ ስም የተሰየመች። ከማርስ፣ ከጨረቃ፣ ከዚያም ከራቀ ቦታ የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ የሚገናኝባት ገበያ ናት። የፈጠራ ከተማ ናት፤ ግን የሣላት ልጅ እዚያው ቤት በትርፍ ሰዓቱ ይሠራል፣ ጠጋ ብሎ አስረዳን።

ከተማዋ እንደ ጎማ የተሣለችው ለውበት አይደለም። ጠፈር ላይ ሰው ይንሳፈፋል። ጎማዋ ስትሽከረከር ግን ውስጧ ያለው ሰው ወደ ውጭኛው ጠርዝ ይጫናል፤ እግሩ መሬት እንደነካ ሆኖ ይቆማል። ውሃ የሞላ ባልዲ በፍጥነት ስታሽከረክሩት ውሃው እንደማይፈሰው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ናሳ ያሰባሰባቸው ምሁራን እንዲህ ያለች ከተማ በወረቀት ነድፈው ነበር። ለ10,000 ሰው የምትበቃ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.8 ኪሎ ሜትር፣ በደቂቃ አንዴ የምትዞር። ሠዓሊው የተነሣው ከዚያ ነው።

ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ሥዕሉ የናሳ አይደለም። የእኛ ነው። መርከቦቹ የሚጠጉባቸው በሮች ቁጥር ተጽፎባቸዋል። 74110። 74112። 74158። ቡና የሚተክል ሰው እነዚህን ቁጥሮች እንደ ልጆቹ ስም ያውቃቸዋል። ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል መርጦ ያወጣቸው፣ የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ናቸው። አባቴ ጓሮ ያለው 74110 ነው። ቁጥሩን በጣቴ ነካሁት። እንባዬ ሊመጣ ነበር።

መግቢያው ላይ ኬላ አለ። ከኬላው ሥር አሞሌ ጨው ተከምሯል። በቅሎዎች ከነጭነታቸው ከመርከብ ይወርዳሉ። በአባ ጅፋር ዘመን ሄርማታ እንዲህ ነበረች፤ ከከፋ፣ ከሊሙ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ የተነሣ ነጋዴ ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ይገናኝ ነበር። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ ጨው እዚህ ይለወጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ሠዓሊው ያንንም አልዘለለውም። ከእነዚያ በሮች አንዱ በጥቁር ቀለም ተደፍኗል፣ ቁጥር የለውም። «ይሄኛው በር አይከፈትም» አለን። ሌላ ነገር አልጨመረም። እኔም አልጠየቅኩም።

እንግዲህ ያ ከረጢት የመጣልኝ ከዚህ ሥዕል ሥር ተቀምጬ ነው።

«የእኔ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት አስተናጋጇን።

«የጠፈር ቡና ነው ጋሼ። ጠፈርተኞች እንደዚህ ነው የሚጠጡት።»

«ጀበና የላችሁም?»

«ጀበና ከቤቱ ጋር አይሄድም ተብሎ ነው ጋሼ።»

ልጅቷ ጨዋ ናት፣ የተባለችውን ነው የነገረችኝ። ቃሉ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ጅማ ውስጥ ጀበና የማይሄድበት ቤት!

ስለ ጠፈርተኞቹ አልዋሸችም። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ዱቄት ቡና በከረጢት ይሰጣቸዋል፣ ሙቅ ውሃ ይጨምሩበታል፣ በመምጠጫ ይጠጡታል። ሲኒ ከሆነ ቡናው እየተንሳፈፈ ይበተናል። ግን ወደው እንዳይመስላችሁ። የእህቴ ልጅ ነው የነገረኝ፤ ቤት ገብቼ ሳነብ እውነት ሆኖ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ2008 ዶን ፔቲት የሚባል ጠፈርተኛ ከከረጢት መምጠጥ ሰልችቶት፣ ከሥራ መዝገቡ ላይ አንድ የላስቲክ ወረቀት ወስዶ በማጠፍ ሲኒ ሠራ። የሲኒው አንድ ጎን እንደ ስለት የሾለ ነው፤ ቡናው በዚያ ሹል ስንጥቅ ራሱ ወደ ከንፈር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ጣሊያኖች 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የኤስፕሬሶ ማሽን ወደ ጣቢያው ላኩ። በሜይ መጀመሪያ ላይ ሳማንታ ክሪስቶፎሬቲ የመጀመሪያውን ኤስፕሬሶ ጠጣች። ጠፈር ላይ ያለ ሰው ደህና ቡና ለመጠጣት እንዲህ ይደክማል። እኛ ደግሞ የቡናው ዛፍ ሥር ተቀምጠን እነሱ የሸሹትን ከረጢት እንገዛለን። የታሸገ ነገር አይሸትም። ቡና ደግሞ ግማሹ ሽታው ነው።

ወንበሮቹም ብር ቀለም የተቀቡ ፕላስቲክ ናቸው። በርጩማ በሚጠረብበት ከተማ! መብራቱም ሰማያዊ ነው፤ የምትበሉትን አታዩትም።

ተነሥቼ ልሄድ ነበር። የእህቴ ልጅ «ጥቅሉን ሳንበላ?» አለኝ። ስለ እሱ ስል ተቀመጥኩ። እንኳን ተቀመጥኩ።

ጥቅሉ በእንጀራ የተጠቀለለ የቋንጣ ፍርፍር ነው። እንጀራው የዚያን ቀን ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ዓይኑ ያልተዘጋ። ቋንጣው በደንብ የደረቀ፣ ጥርስ ሥር ሲገባ መጀመሪያ እምቢ የሚል፣ ከዚያ በርበሬውንና ቅቤውን የሚለቅ። የአውራ ጣት ያህል እየተቆረጠ ቆሞ ነው የሚቀርበው፤ አዋዜው ለብቻው። ዘጠኝ ቁራጭ ነው። ስድስቱን ልጁ በላ፣ ሦስቱን እኔ። ሌላ ላዝዝ አስቤ ዋጋውን ሳይ ተውኩት፤ 320 ብር ነው።

ግን ሐሳቡን ተመልከቱት። ጠፈር ላይ ዳቦ አይወደድም፤ ፍርፋሪው እየተንሳፈፈ ማሽን ውስጥ ይገባል፣ ዓይን ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሮዶልፎ ኔሪ ቬላ የሚባል የሜክሲኮ ጠፈርተኛ ያገሩን ቂጣ ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጠፈርተኞች በቂጣ መጠቅለል ለመዱ። ታዲያ እንጀራ ምን ያንሰዋል? አይፈረፈርም፣ ወጥ ይዞ ይጠቀለላል። ቋንጣ ደግሞ ድሮም የሲራራ ነጋዴ ስንቅ ነው። ሄርማታ የመጣው ነጋዴም በአገልግሉ ሳይዘው አልቀረም። ይሄን ምግብ ያሰበ ሰው ከተማዋን ገብቶታል።

ልጁ እየበላ ስለ ጣቢያው ያወራኛል። ከፍታው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፣ ርቀቱ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። እኛ አውቶቡስ ላይ ቀኑን የምንጨርስበትን መንገድ ጣቢያው ደቂቃ ሳይሞላው ያልፈዋል። ይሄን ሲነግረኝ ዓይኑ ይበራል። ቤቱን በዚህ ወደድኩት።

ይህን ስናወራ የሚቆላ ቡና ሸተተኝ።

የት እንደሆነ ለማየት ተነሣሁ። ከኩሽናው ኋላ ጓሮ አለ። አንዲት ሴት ከሰል ላይ ቡና ትቆላለች። ሠራተኞቹ ዙሪያዋን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ እውነተኛው የጅማ በርጩማ፣ ባለ ሦስት እግሩ፣ የጓሮው መሬት ጎርበጥባጣ ሆኖ እንኳ የማይወዛወዘው። የቡና መቁያውን ወደ እኔ አዙራ በእጇ ጭሱን ገፋችልኝ። «ይግቡ ጋሼ፣ ለአቦል ደርሰዋል» አለችኝ።

ገባሁ። ልጁንም ጠራሁት። ቡናው ተወቀጠ፣ ጀበናው ገነፈለ፣ ሰከነ። ሲኒዬ ላይ ጤና አዳም ጣል አደረገችበት። ስለ ጣዕሙ ብዙ አልልም። ወፍራም ነበር፣ ምሬቱ ቶሎ ይለቃል፣ ከኋላ ጣፋጭ ነገር ይቀራል። እናቴ ከሞተች በኋላ እንደዚያ ያለ አቦል የጠጣሁት ሁለት ወይ ሦስት ጊዜ ነው።

«ለምን ውጭ አትሸጡትም?» አልኳት።

«ይሄማ የሠራተኛ ነው፤ እንግዳ የሚፈልገው አልመሰለንም» አለችኝ።

ሂሳብ መጣ። ጥቅሉ 320፣ ከረጢቱ 140፣ የልጁ ጁስ 110። ቫት ሲጨመር 655 ብር ከ50። ሰፈሬ ያለችው ሴት በ25 ብር ቡናውን ከነፈንዲሻው ትሰጠኛለች። የጓሮውን ቡና ሂሳብ ውስጥ አላስገቡትም። ለሴትየዋ ብዬ ትሪው ላይ ለብቻው አስቀመጥኩ።

ከባለቤቶቹ አንዱ በር ላይ አገኘኝ። «እንዴት ነበር ጋሼ?» አለኝ። ነገርኩት። ከተማችሁን ሄርማታ ብላችኋታል፤ በሮቿን በቡና ቁጥር ሰይማችኋል። የማርሱ ነጋዴ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ኬላችሁን ሲያልፍ ምን ልትሸጡለት ነው? ከረጢቱን? ወጣቱ ግድግዳውን ዞሮ አየው። «እውነት ነው ጋሼ» አለ፣ «ጀበናውን ወደ ውስጥ እናስገባዋለን።»

ሐሙስ ተመልሼ እሄዳለሁ። እስከዚያው የምትሄዱ ካላችሁ ጥቅሉን እዘዙ፣ ሥዕሉን ቀርባችሁ እዩት፣ ከረጢቱን እምቢ በሉ። ቡና ሲቆላ ከሸተታችሁ በኩሽናው በኩል እለፉ፤ ሴትየዋ አትከለክልም።